ሙቀቱ እንዳይጎዳን፦ የጋዝ ማሞቂያን በደህና ስለ ማስገጠምና ጭሱን ከቤት ስለ ማስወጣት



በእስራኤል አገር የብርዱ ወራት ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ይዘልቃሉ። በኢየሩሳሌም፣ በገሊላና በነገቭ ከፍታዎች የሚነፍሰው የሌሊት ብርድ የጎንደርን ደጋ የሚያስታውስ ነው። በዚህ ወቅት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱን ለማሞቅ ይጥራል። ሕፃን የሚያድግበት፣ አዛውንት ያሉበት ወይም በሽተኛ የተኛበት ቤት ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ይህም የጤና ጉዳይ እንጂ ቅንጦት አይደለም። ሆኖም ጋዝ፣ ላምባ ወይም ከሰል እያቃጠለ የሚያሞቅ መሣሪያ ሁሉ በሚገባ ካልተገጠመና ጭሱ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ በአንድ ሌሊት መላውን ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ይህ ጽሑፍ አደጋው ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚከለከልና ቢደርስ ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

ቤቱ ተለውጧል

ብዙዎቻችን ያደግንበት ጎጆ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። እሳቱ በመካከል ይነዳል፤ ጭሱም በሣሩ ክዳን፣ በግድግዳው ስንጥቅና በበሩ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ያ ጭስ ዓይንን ያቃጥል፣ ሳንባንም ይጎዳ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ስለነበር፣ መርዙ እስኪገድል ድረስ የሚጠራቀምበት ዕድል አነስተኛ ነበር።

በእስራኤል የምንኖርበት ቤት ከሲሚንቶና ከብረት የተሠራ ነው። መስኮቱ በአሉሚኒየምና በመስተዋት ተገጣጥሞ ይዘጋል፤ በሩም ከመቃኑ ጋር ጥብቅ ብሎ ይገጥማል። ብርድ እንዳይገባ ብለን በቀረው ስንጥቅ ላይ ጨርቅ ስንወትፍ ደግሞ የመጨረሻውን የአየር መግቢያ እንዘጋለን። በጎጆው ውስጥ ማንንም ያላሳሰበው እሳት በዚህ ቤት ውስጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጋዝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ጋዝ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ነጭ ጋዝን ወይም ላምባን ያስታውሳል። ይህም በጠርሙስ የሚገዛ፣ በዓይን የሚታይና በኩራዝ የሚጨመር ፈሳሽ ነው። በእስራኤል በየቤቱ «ጋዝ» የሚባለው ግን በብረት ሲሊንደር ውስጥ በግፊት የታመቀ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ግን አንዱ ሊትር ወደ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። ከአየር ስለሚከብድም፣ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ በዝቅተኛ ሥፍራም ይተኛል። በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው፣ መፍሰሱ እንዲታወቅ ሲባል መጥፎ ሽታ ያለው ቅመም ይጨመርበታል።

ከጋዝ ማሞቂያ የሚመጡት አደጋዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ያልተቃጠለ ጋዝ መፍሰስ ነው። ይህ ይሸታል፤ እሳት ካገኘም ይፈነዳል። ሁለተኛው ጋዙ በትክክል ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠረው መርዝ ነው። ይህ አይሸትም። ብዙ ሰው «ሽታ ስለሌለ ደህና ነን» ብሎ የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው።

የማይታየው መርዝ

አንድ ሊትር የዚህ ጋዝ በሚገባ ለመንደድ ከ24 እስከ 31 ሊትር አየር ይፈልጋል። አየሩ በቂ ሲሆን ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል። አየሩ ሲያንስ ወይም ማቃጠያው በአቧራ ሲደፈን ግን ጋዙ በጎደሎ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል። በዕብራይስጥ «ፓሕማን ሐድ ሐምጻኒ» ይባላል። ይህ መርዝ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። አፍንጫን አያቃጥልም፣ አያስነጥስም፣ የተኛንም ሰው አይቀሰቅስም።

ጉዳቱ የሚደርሰው በደም ውስጥ ነው። በደማችን ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ በክፍሉ አየር ውስጥ ጥቂት እንኳ ቢኖር፣ ቀስ በቀስ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ሦስት ዓይነት ማሞቂያዎች

ማሞቂያ ከመግዛታችሁ ወይም በተከራያችሁት ቤት ያለውን ከመለኮሳችሁ በፊት፣ ከሚከተሉት ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ሀ. ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ። ሲሊንደሩ በውስጡ የሚቀመጥ፣ በጎማ እግር እየተገፋ የሚንቀሳቀሰው ነው። አየሩን ከክፍሉ ይወስዳል፤ የተቃጠለውንም ወደ ክፍሉ ይመልሳል። አየር በሚዘዋወርበት ሰፊ ክፍል፣ ሰዎች ነቅተው ባሉበት ሰዓት ብቻ የሚሠራበት ነው። በመኝታ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ፈጽሞ አይነድም።

ለ. ጭስ ማውጫ ያለው ክፍት ማሞቂያ። አየሩን ከክፍሉ ይወስዳል፤ ጭሱን ግን በብረት ቧንቧ ወደ ውጭ ይልካል። ደህንነቱ በሁለት ነገር ላይ ይቆማል፦ በጭስ ማውጫው ንጹሕነትና በአየር ማስገቢያው አለመዘጋት። በየቤቱ የሚገኙ ብዙ የቆዩ የጋዝ ውኃ ማሞቂያዎችም የዚህ ዓይነት ናቸው።

ሐ. ዝግ ማሞቂያ። አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ከክፍሉ አየር ጋር አይገናኝም። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ቢልም፣ በጋዝ ከሚሠሩት ሁሉ ይልቅ ለቤተሰብ አስተማማኝ የሆነው ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ማዝጋን ነዳጅ ስለማያቃጥሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያመነጩም። ስለዚህ ለመኝታ ቤት ከጋዝ ይልቅ እነርሱ ይመረጣሉ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያን ግን ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ማራቅ፣ ልብስም አለማስጣት ይገባል።

የሚገጥመው ማን ነው?

በእስራኤል ሕግ መሠረት የጋዝ ሥራ የሚሠራው የመንግሥት ፈቃድ ባለው ባለሙያ ብቻ ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም «እኔ እችላለሁ» የሚል ወዳጅ ሙያተኛ ቢሆን እንኳ፣ ፈቃድ ከሌለው የጋዝ ቧንቧ አይነካም። ባለሙያው፣ በዕብራይስጥ «ቴክናይ ጋዝ»፣ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ የፈቃድ ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ይህን መጠየቅ ሰውን እንደ መጠርጠር ወይም እንደ ነውር አይቆጠርም። መሣሪያውም የእስራኤል የደረጃዎች ምልክት፣ ማለት «ታቭ ቴኬን»፣ ያለበት ይሁን። ሥራው ሲያልቅ ምን እንደተሠራ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ተቀበሉና አስቀምጡ።

ጋዝ የሚያቀርብላችሁ ኩባንያ በየ5 ዓመቱ የቤታችሁን የጋዝ መሥመር የመመርመር ግዴታ አለበት። ይህ ምርመራ ግን በየዓመቱ ከክረምት በፊት ማሞቂያውንና ጭስ ማውጫውን ማስጠረግን አይተካም።

ጭስ ማውጫው

ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ትኩስ ስለሆነ ነው። መንገዱ ቀና፣ አጭርና ያልቀዘቀዘ ከሆነ በራሱ ኃይል ይወጣል፤ መንገዱ ከጠመመ ወይም ከተደፈነ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ባለሙያው ሲሠራ እናንተም የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1. ቧንቧው ለዚሁ ሥራ የተሠራ የብረት ቧንቧ ይሁን። ስፋቱም አምራቹ ካዘዘው አይጥበብ።

2. ከማሞቂያው ጀምሮ ወደ ላይ ይውጣ። ወደ ጎን የሚሄደው ክፍል አጭር ይሁን፤ እርሱም ወደ ላይ ያዘንብል እንጂ ወደ ታች አይውረድ።

3. መጋጠሚያዎቹ ጥብቅ ይሁኑ። የዛገ፣ የተቀደደ ወይም በፕላስተር የተጠገነ ቧንቧ ይለወጥ።

4. ጫፉ በቀጥታ ከቤት ውጭ ይድረስ። በጣሪያ ሥር፣ በደረጃ ቤት ወይም በተዘጋ በረንዳ ውስጥ የሚያበቃ ቧንቧ ጭሱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አዛወረው እንጂ አላስወጣውም።

5. ጫፉ ከእናንተም ሆነ ከጎረቤት መስኮት ይራቅ፤ ዝናብ፣ ነፋስና ወፍ እንዳይገቡበት ተገቢው ክዳን ይደረግለት። በበጋ ወፎች ጎጆ ሠርተውበት በክረምት የተደፈነ ሆኖ ይገኛል።

6. ከወጥ ቤት የጭስ መሳቢያ ቧንቧ ጋር አይገናኝ።

ስለ መሳቢያ ማራገቢያዎች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። ለምሳሌ ያህል፣ መስኮቶች ሁሉ በተዘጉበት ቤት እናት በወጥ ቤት እንጀራ እየጋገረች የጭስ መሳቢያውን ከፍታለች እንበል። በመታጠቢያ ቤትም ሌላ ማራገቢያ ይሠራል። ሁለቱ አየሩን ከቤት ወደ ውጭ ይስባሉ። የወጣውን የሚተካ አየር ከየትም መግባት ስላለበት፣ ክፍት ሆኖ የሚያገኘው መንገድ የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ሊወጣ የሚገባው ጭስ ተመልሶ ወደ ሳሎን ይገባል። ቧንቧው አልተበላሸም፤ ማሞቂያውም አዲስ ነው፤ መርዙ ግን ገብቷል። ስለዚህ ክፍት ማሞቂያ ባለበት ቤት ማራገቢያ ሲከፈት መስኮትም ይከፈት።

አየር ማስገቢያው

ጋዝ በሚነድበት ክፍል አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ወደ ውጭ የሚከፈት ቋሚ የአየር ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። የታችኛው ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ጋዝ ቢያፈስም ያስወጣል። የላይኛው ደግሞ የሞቀውን አየር ያስወጣል። ብርድ ገባብን ብሎ ቀዳዳውን በጨርቅ፣ በካርቶን ወይም በቁም ሣጥን መዝጋት ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ሲነድ መስኮት ጥቂት ገርበብ ብሎ ይቆይ፤ በየጊዜውም በሰፊው ተከፍቶ አየሩ ይለወጥ።

ብዙ ቤተሰቦች ልብስ የሚያሰጡበትን የአገልግሎት በረንዳ ክፍል ለመጨመር ሲሉ በመስተዋት ወይም በፕላስቲክ ይዘጉታል። በዚያ በረንዳ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ካለ፣ ክፍት ቦታ ተብሎ የተገጠመው መሣሪያ አሁን በዝግ ክፍል ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። በረንዳውን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ።

ማማድ የተባለው የመጠለያ ክፍል አየር እንዳያስገባ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በውስጡ ጋዝ፣ ላምባም ሆነ ከሰል በጭራሽ አይለኮስም። ሻማም ቢሆን አይበራበት።

ስለ ከሰልና ስለ ቡና

ቡና አፍልቶ ከጎረቤት ጋር መጠጣት መልካም ባህላችን ነው፤ ከሰሉ ግን በዝግ ቤት ውስጥ ገዳይ ነው። ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆና ፍም ሆኖ ሲገባ መርዙም ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። እውነቱ ግን ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያመነጫል። ጭሱ ቢኖር ዓይናችንን አቃጥሎ ያስጠነቅቀን ነበር፤ ፍሙ ግን ዝም ብሎ ይመርዛል። አመድ የለበሰም ፍም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ወይም ማንደጃው በክፍት ግቢ ይሁን። ለሙቀት ተብሎ የከሰል ማንደጃ በመኝታ ቤት ማሳደር ሞትን እንደ መጋበዝ ይቆጠራል።

ስለ ሰንበት

በኢትዮጵያ ሳለን ሰንበት ሳይገባ እሳት ይጠፋ ነበር። በእስራኤል ግን ዓርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት የተለኮሰ ማሞቂያ እስከ ቅዳሜ ማታ እንዲነድ የሚተው ቤተሰቦች አሉ። ያለ ማቋረጥ የሚነድ የጋዝ እሳት ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓትም ይነዳል ማለት ነው። ለሰንበት ቤቱን በኤሌክትሪክና በሰዓት መቆጣጠሪያ ማሞቅ ይሻላል። አደጋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ነፍስን ማዳን፣ ማለት «ፒኩአሕ ኔፌሽ»፣ ሰንበትን ይሽራል፤ እሳቱን ማጥፋት፣ ስልክ መደወልና በመኪና ወደ ሆስፒታል መሄድ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው።

የመመረዝ ምልክቶች

መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማል። ከዚያም ማስመለስ፣ የደረት ሕመም፣ የሐሳብ መደነጋገርና የጉልበት መክዳት ይከተላል፤ በመጨረሻም ራስን መሳት ይመጣል። ጅማሬው ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ጉንፋን አለመሆኑን ያመለክታሉ፦ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የቤተሰቡ አባል መታመሙ፤ ከቤት ሲወጡ ሕመሙ መቀነሱ፤ ተመልሰው ሲገቡ መባሱ።

ሕፃናት፣ አዛውንትና የልብ ሕሙማን ከሌሎች ቀድመው ይጎዳሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ለብቻዋ መጠንቀቅ አለባት። እርሷ ደህና ቢሰማትም እንኳ መርዙ ወደ ፅንሱ ደም አልፎ በብርቱ ሊጎዳው ስለሚችል፣ ሳትዘገይ መመርመር ይገባታል።

በዚህ ጊዜ ምን ይደረግ?

1. ሁሉንም ሰው፣ የተኙትንም ቀስቅሳችሁ፣ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ። በመንገዳችሁ ላይ ከሆነ መስኮትና በር ክፈቱ፤ ማሞቂያውን አጥፉ።

2. ከውጭ ሆናችሁ ለማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። ሰው በውስጥ ቀርቶ ከሆነ ለእሳት አደጋ መከላከያ በ102 ደውሉ። ራሱን የሳተ ሰው ለማውጣት የገባ ሌላ ሰው አብሮ የወደቀበት አጋጣሚ አለና ተመልሳችሁ አትግቡ።

3. በዕብራይስጥ እንዲህ በሉ፦ «ታኑር ጋዝ ዳላክ ባባይት» (የጋዝ ማሞቂያ በቤት ይነድ ነበር)፤ «ለኩላኑ የሽ ከኤቭ ሮሽ» (ሁላችንም ራሳችንን አሞናል)። ይህን ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

4. ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ መርዙን ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ ቁጥሩ መልካም ሊመስል ይችላል። እውነቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። የሐኪሙ ዋና ሕክምና ንጹሕ ኦክስጅን መስጠት ነው። በተራ አየር መርዙ በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይወርዳል።

5. ከተሻላችሁ በኋላም በሚቀጥሉት ቀናትና ሳምንታት የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም የአካሄድ ችግር ከታየ ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪማችሁ ተመለሱ።

የጋዝ ሽታ ሲኖር

መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ። ክብሪት አትጫሩ፤ ስልክም በቤት ውስጥ አትጠቀሙ። የጋዙን ቧንቧ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሁላችሁም ውጡ። ከውጭ ሆናችሁ ለጋዝ ኩባንያችሁና ለ102 ደውሉ፤ «የሽ ሬያሕ ሸል ጋዝ» (የጋዝ ሽታ አለ) በሉ። ከቧንቧ መጋጠሚያ ጋዝ ማፍሰሱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በእሳት በጭራሽ አይፈተሽም።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በማሞቂያው አጠገብ ውኃ በሳህን ብናስቀምጥ ይጠብቀናል?
መልስ፦ አይጠብቅም። ውኃው አየሩን ያረጥባል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይስብም።

ጥያቄ፦ የመርዝ ጠቋሚ መሣሪያ ይጠቅማል?
መልስ፦ እጅግ ይጠቅማል። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ጠቋሚ፣ በአየሩ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 50 እጅ መርዝ ሲኖር ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጮኻል፤ 300 እጅ ሲሆን በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። ሆኖም የተጻፈበት የአገልግሎት ዘመን ሲያልፍ ይለወጣል። የሚያፈስ ጋዝን የሚጠቁመው መሣሪያ ሌላ ነው፤ እርሱም በወለሉ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይሰቀላል። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም ጭስ ማውጫን አይተኩም።

ጥያቄ፦ ማሞቂያው በየጊዜው ራሱን ያጠፋል። ምን እናድርግ?
መልስ፦ በብዙ ማሞቂያዎች ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያ አለ። ስለዚህ መጥፋቱ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን አናፍሱ፤ ባለሙያ ጥሩ። መሣሪያውን ፈትታችሁ ወይም አስራችሁ እንዲነድ አታድርጉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በኪራይ ነው። ጭስ ማውጫውን የሚያድሰው ማን ነው?
መልስ፦ በ2017 በጸናው የኪራይ ሕግ መሠረት፣ ለተከራዩ ደህንነት አደጋ ያለበት ቤት ለመኖሪያ ብቁ አይባልም። አከራዩ ተራ ብልሽትን በ30 ቀን፣ በቤቱ ለመኖር የማያስችለውን አስቸኳይ ብልሽት ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ እንዲያሠራ ይገደዳል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውንም ያዙ። በዕብራይስጥ መጻፍ ካልቻላችሁ በማዘጋጃ ቤታችሁ ያለውን የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ እርዳታ ጠይቁ። እስኪጠገን ድረስ ግን ማሞቂያው አይለኮስ።

ከክረምት በፊት የሚታዩ ነገሮች

• ነበልባሉ ሰማያዊ ነውን? ቢጫ ከሆነ፣ ወይም በቀዩ የማሞቂያ ሰሌዳ ዳር ቢጫ ምላስ ከታየ፣ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።
• በማሞቂያው ዙሪያ ወይም በግድግዳው ላይ ጥቀርሻ አለን?
• ማሞቂያው ሲነድ የመስኮቱ መስተዋት ከወትሮው በላይ ያልበዋልን?
• የጎማው ቧንቧ ተሰነጣጥቋልን? ያረጀ ከሆነ በባለሙያ ይለወጥ።
• የአየር ማስገቢያዎቹ ክፍት ናቸውን? የጭስ ማውጫውስ ተጠርጓልን?
• ከመኝታ በፊት ማሞቂያውን የሚያጠፋውና ሲሊንደሩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ በቤተሰቡ ተወስኗልን?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ከሁሉ የሚበልጥ ነው። አባት እናት አጠፋች ብሎ፣ እናትም አባት አጠፋ ብላ የሚተኙበት ሌሊት አደገኛ ነው። ይህን ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ይኑር። በክፍሉም ከመተኛታችሁ በፊት ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ይዘጋጅ። ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችሁም በማሞቂያው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ለሽማግሌዎች እንዲያነቡላቸው አድርጉ።

ለቤተሰባችሁ ሁሉ ሙቀትና ጤና ያልተለየበት ክረምት እንመኛለን።